ጠፈርን በእግር መማር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ንፋስ ስልክ

ንፋስ ስልክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቀለም ፋብሪካው፣ የሳሪስ መንገድ መጨናነቅ ወይም የታክሲ ረዳት ጩኸት ነው። ስሙ ግን የሳይንስ ስም ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ በዚህ በከተማዋ ደቡብ በኩል ሲተከል፣ ስልክን በእንጨትና በሽቦ ብቻ የሚያውቀው የአገሬው ሰው አዲሱን ነገር «ንፋስ ስልክ» አለው። ሽቦ ከሌለው እንግዲህ የሚሄደው በንፋስ ነዋ! እንደ ፊዚክስ መምህር ከሆነ ስሙ ትንሽ እርማት ያስፈልገዋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ንፋስ አይፈልግም፣ ባዶውን ጠፈርም ያቋርጣል። ዛሬ ሳተላይቶች ከምድር ጋር የሚነጋገሩት በዚሁ መንገድ ነው። ቢሆንም አወጣጡን እወደዋለሁ። የማይታየውን ነገር ከሚያውቀው ነገር ጋር አስጠግቶ የተረዳ ሰው ያወጣው ስም ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ጀሞ አካባቢ ከልጆች ጋር ስለምትሠሩት የጠፈር ስፖርት አንድ ነገር ይጻፉልን» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ግን ደግሞ አሰብኩ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ገመድ ሲዘሉ፣ ሲሮጡ፣ ጥላቸውን ሲለኩ ብቻ ብጽፍ፣ ከውጭ አገር የተቀዳ መዝናኛ ሊመስል ይችላል። እውነቱ ሌላ ነው። በአገራችን ሰማይን በአካል መማር የቆየ ነገር ነው። የተለያዩት በኋላ ነው፤ ሳይንሱ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ስፖርቱ ወደ ሜዳ ሄዶ። ስለዚህ ከታሪኩ ልጀምር።

በእግር የተለካ ሰማይ

የጥንት ሊቃውንቶቻችን በብራና መጻሕፍት ውስጥ አንድ የሚገርም ሠንጠረዥ ትተውልናል። በየወሩ፣ በየሰዓቱ የሰው ጥላ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚናገር ነው። የሥነ ፈለክ ታሪክ አጥኚው ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርና የሰማይ ስሌት በሰፊው አጥንቶታል። እኔን የሚማርከኝ ግን መሣሪያው ነው። ሰዓቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው የራስ ቁመትና የራስ እግር ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ የጥላህን ጫፍ ምልክት ታደርጋለህ፣ ከዚያ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ትቆጥራለህ።

«ረጅም ሰውና አጭር ሰው እንዴት እኩል ይቆጥራሉ?» ትሉ ይሆናል። ረጅም ሰው ብዙ ጊዜ እግሩም ረጅም ነው፤ የአጭሩም እንዲሁ። ቁመትን በራስ እግር ስናካፍል የሚመጣው ቁጥር ከሰው ሰው ብዙ አይራራቅም። ዛሬ በ7ኛ ክፍል «ሬሾ» ብለን የምናስተምረው ይኸው ነው። ልጆቻችን ቀመሩን ያውቁታል፤ ተረከዝና ጣታቸውን አገናኝተው የሞከሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አራት ኪሎና የጠፈር ዘመን

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት መጣ፤ ስሙ «ዓመት» ይባል እንጂ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ድረስ 18 ወር የፈጀ ነበር። የብዙ አገር ሳይንቲስቶች ምድርንና ከበላይዋ ያለውን ሰማይ በአንድ ጊዜ ለመለካት ተስማሙ። አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ ተፈላጊ ነበረች፤ የምድር የመግነጢስ ወገብ በአቅራቢያዋ ያልፋልና። ሌላ አገር ወደ መሬት አዘቅዝቃ የምትንጋደደው የመግነጢስ መርፌ፣ እዚህ ጠፍጣፋ ሆና ትተኛለች ማለት ይቻላል። ከበላያችንም፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። በዚሁ ምክንያት በግቢያችን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን ነበሩ። ኋላ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀችውም በዚያው የጂኦፊዚክስ ዓመት ውስጥ፣ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጠፈር ዘመንና የአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪ እኩያ ናቸው ብንል አላጋነንም። ግቢ እያለን በአጠገቡ ስናልፍ ውስጡ ምን እንደሚሠራ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? «የመሬት መንቀጥቀጥ ቤት» ብለን እናልፋለን። ዛሬ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት የሚባለው የእሱ ልጅ ነው።

አሁን የራሳችንን ዘመን አቆጣጠር ይዛችሁ ተከተሉኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 5 ነው። ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር የወጣው ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ በመካከላቸው ሰባት ወር አለ። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ሰው ጨረቃን የረገጠው ደግሞ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ስንቆጥር ሁለት ዓመት ይሆናሉ፤ በእኛ ግን አንድ ዓመት ናቸው። በዚያ ዓመት ግቢው በሌላ ነገር ይታመስ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች አትረሱትም።

ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናቸው። ከውድድሩ በፊት የዓለም ሐኪሞች «በስስ አየር ውስጥ ሰውነት እንዴት ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ አጥብቀው ያዙት። በዚያው ሰሞን የጠፈር ሐኪሞችም «ክብደት በሌለበት ሰውነት እንዴት ይሠራል?» እያሉ ነበር። የሰው አካል ከለመደው ቦታ ሲወጣ ምን ይሆናል የሚለው ለሁለቱም ወገን የጋራ ጥያቄ ነው። አትሌቶቻችን የዚያን ጥያቄ ግማሽ በሳንባቸውና በእግራቸው ይዘውት ይሮጡ ነበር፤ የእኛ ክፍል ውስጥ ግን ማራቶን የስፖርት ዜና፣ ጨረቃ የሳይንስ ዜና ሆነው ቀሩ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ፉጨት ይነፋል፣ የፊዚክስ መምህራችን ጠመኔ ይይዛል፤ ሁለቱ ሻይ ሲጠጡ ካልሆነ አይገናኙም።

እንጦጦ ላይ

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት «ዳቦ ሳይጠገብ ጠፈር?» የሚል ሰው ብዙ ነበር። ሶሳይቲው ግን ገፋበት። እ.ኤ.አ. በ2015 እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘው ኦብዘርቫቶሪ ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ወደ ጠፈር ስትላክ ሰዎች በማለዳ እንጦጦ ተሰብስበው ተመለከቱ። በዚያው ሰሞን በዓለም አቀፍ የስያሜ ዘመቻ ለአገራችን የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ወዲያው «ቶናና በረካስ የታሉ?» አሉኝ። ገና እንዳልተገኙ ነገርኳቸው፤ አንዷ «እኛ እንፈልጋለና!» አለች።

ሶሳይቲው በየትምህርት ቤቱ የስፔስ ክበባት እንዲቋቋሙ አድርጓል፤ በየዓመቱ ከመስከረም 24 አካባቢ ጀምሮ የሚከበረው የዓለም የጠፈር ሳምንትም ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን መዋሉ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን እንጦጦ በሰሜን ነው፣ ጀሞ በደቡብ። ለኮንዶሚኒየም ልጅ ቴሌስኮፕ ማለት በዓመት አንዴ፣ ያውም አውቶቡስ ከተገኘ፣ ተሰልፎ የሚያየው ነገር ነው። በቀሩት ቀናት ምን ያድርግ?

ጠፈርተኛ ለምን ስፖርት ይሠራል?

መልሱን ያገኘሁት ከቴሌስኮፕ ሳይሆን ከጠፈርተኞች ጂም ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚኖሩ ሰዎች ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው፣ በየ90 ደቂቃው ምድርን አንዴ ይዞራሉ። እዚያ የሰው ክብደት አጥንቱን አይጫነውም፤ የማይጫኑት አጥንት ደግሞ ይሳሳል። ልምምድ ካልተደረገ ሸክም የሚችሉት የዳሌና የእግር አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ጥንካሬያቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጠፈርተኞቹ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስልክ ይዞ የሚውል ልጅ እንግዲህ ከጠፈርተኛው ባነሰ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው ናሳና የሌሎች አገሮች የጠፈር ድርጅቶች «ሚሽን ኤክስ» የሚባል የልጆች ፕሮግራም ጀመሩ። ሐሳቡ ልጆች እንደ ጠፈርተኛ እንዲሠለጥኑ፣ እግረ መንገዳቸውንም ሳይንሱን እንዲማሩ ነው፤ ገመድ መዝለል፣ ረጅም እርምጃ፣ ጓንት አድርጎ ዕቃ መገጣጠም የመሳሰሉት አሉበት። ጓደኞቼና እኔ ሐሳቡን ወሰድንና በሰፈራችን ዕቃና በሰፈራችን ጨዋታ ለወጥነው። ብዙ ገንዘብ አልጠየቀንም። አንድ ሜትር ዱላ፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ፣ ገመድ፣ ከጋራዥ የተለመነ ብሎንና ዳዶ፣ ወፍራም ጓንት፤ አለቀ።

የመጀመሪያው ሥራ ጥላ ነው። ዱላውን ቀጥ አድርገን እናቆማለን። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በቀትር ጥላው 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ አጋማሽ ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ደቡብ ይገለበጣል። በመካከል ሁለት ቀኖች አሉ፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ። በእነዚህ ቀኖች ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆምና ጥላው ከዱላው እግር ሥር ይገባል። አንድ የ9 ዓመት ልጅ መሬቱን በዓይኑ ሲፈልግ ቆይቶ «ቲቸር፣ ጥላዬን ረገጥኩት መሰለኝ!» ያለኝን አልረሳውም። ሰዓቱን ሲመለከቱ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛሉ። ቀትር የሆነው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ለሚያልፈው 45ኛ ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ ፀሐይዋ እኛ ጋ ለመድረስ 25 ደቂቃ ይፈጅባታል። ይህን በቃል ስናስተምር የሚያንቀላፋ ልጅ፣ ጥላ ሲጠብቅ አያንቀላፋም።

ሁለተኛው ማስመሪያ መያዝ ነው። አንዱ ማስመሪያውን ይለቃል፣ ሌላው በሁለት ጣቱ ይይዛል። 20 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከያዘው 0.2 ሰከንድ ፈጅቶበታል፤ 30 ከሆነ 0.25 ገደማ። የስበት ሕግ በልጅ ጣት ተለካ ማለት ነው። ሦስተኛው ወፍራም ጓንት አድርጎ ዳዶን ብሎን ላይ መግጠም ነው፤ ጠፈርተኛ ከመርከቡ ወጥቶ ሲጠግን የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። የመካኒክ ልጆች እዚህ ላይ ይነግሣሉ።

አራተኛው ሰኞ ማክሰኞ ነው። ከመዝለላቸው በፊትና በኋላ የልብ ምታቸውን ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዛሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ስለ አየር እናወራለን። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በጠፈር ጣቢያው ውስጥ ግን የባሕር ጠለሉን ያህል ተደርጎ ተሞልቷል። ይገርማችኋል፣ ጀሞ ላይ የምትዘል ልጅ ከጠፈርተኛው የሳሳ አየር እየተነፈሰች ነው የምትዘለው! ማሞ ወልዴን በዚህ ሰዓት ነው የምናነሳው።

የመጨረሻው ሩጫ ነው። ፀሐይን ትልቅ ትሪንጎ አድርገን እናስቀምጣለን። በዚያ ልክ ምድር አንዲት የጤፍ ፍሬ ሆና 15 ሜትር ትርቃለች። ጁፒተር ብይ ሆኖ 78 ሜትር ላይ ይሆናል። ኔፕቲዩን ምስር ሆኖ 450 ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ ደርሶ መመለስ 900 ሜትር ሩጫ ነው። «የሚቀጥለው ኮከብስ?» ሲሉ፣ ሌላ ትሪንጎ ጆሃንስበርግ ድረስ መውሰድ እንዳለብን እነግራቸዋለሁ። ቁና ቁና እየተነፈሰ ከኔፕቲዩን የተመለሰ ልጅ የጠፈርን ስፋት ከእኔ ቃል ይልቅ ከጉልበቱ ይረዳዋል።

ምን አጣን፣ ምን አተረፍን?

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። አንዲት እናት «እኔ ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ እንዲሯሯጥ አይደለም፤ ለመሯሯጡማ ደረጃው አለ» ብለውኛል። አልፈረድኩባቸውም። ትምህርትን ከመቀመጥ ጋር ያስተማርናቸው እኛው የተማርነው ነን። ደብተሩን አሳየኋቸው፤ የልጃቸው የልብ ምት የሰባት ሳምንት ግራፍ ነበረበት። ዝም ብለው አዩትና «ይኼ የእሱ ነው?» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታናሹንም ጨምረው ላኩ።

ሴት ልጆችም ጉዳይ ነበሩ። 12 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ከሜዳው ቀስ በቀስ ይጠፋሉ፤ ማንም ሂዱ ሳይላቸው። የመለሳቸው ስብከት አይደለም። የመዝጋቢነትና የሰዓት ያዥነት ሥራ ሰጠናቸው፤ የሌላውን ምት ሲቆጥሩ የራሳቸውን ለማወቅ ፈለጉ፣ ከዚያ መሮጥ ጀመሩ። አሁን ከኔፕቲዩን ቀድማ የምትመለሰው ከእነሱ አንዷ ናት።

ትልቁ ሥጋት ግን ሜዳው ነው። የምንሮጥበት ቦታ ባለፈው ዓመት ግማሹ ታጥሯል፣ ቀሪው ቅዳሜ ቅዳሜ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። አሁን ሥርዓተ ፀሐያችን ኡራኑስ ላይ አጥር ገጥሞት ይታጠፋል። ልጆቹ ይሳቁበታል፤ እኔ ግን አልስቅበትም። ጥላ ለመለካት ፀሐይ የሚያርፍበት መሬት ያስፈልጋል። ቤተ ሙከራ ተሠርቶ ለትምህርት ቤት ሲሰጥ ሪባን እንቆርጣለን፤ ሜዳ ሲታጠር ግን ቤተ ሙከራ መዘጋቱን ልብ አንልም።

ለእናንተ የቀረበ የቤት ሥራ

ለግቢያችን መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። የፊዚክስና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎቻችሁን በሴሚስተር አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ወደ አንድ ሰፈር ሜዳ ላኩልን። የመጀመሪያዎቹ የልብ ምት እንዴት እንደሚለካ ይማራሉ፣ የኋለኞቹ ስበት ምን እንደሆነ፤ ልጆቹም ሁለት መምህር በአንድ ሜዳ ያያሉ።

ለምሩቃን ደግሞ የምለምነው ገንዘብ አይደለም። በሚመጣው ሚያዝያ 5፣ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ፣ አንድ ሜትር ዱላ ይዛችሁ ውጡ። በዚያች ሰዓት ጀሞ ላይ ጥላ አይኖርም። መቀሌ ያላችሁ ግን 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ታገኛላችሁ፤ ሞያሌ ያላችሁ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ወደ ደቡብ። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። መቀሌ በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የጥላው ማዕዘን 4.5 ዲግሪ ገደማ ነው። 360ን ለ4.5 አካፍለው በ500 ሲያባዙ ልጆቹ 40,000 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ የምድርን ዙሪያ ማለት ነው። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ያላችሁም በአገራችሁ ቀትር ለኩ፤ የእናንተ ጥላ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን እንደማይጠፋ ስንነግራቸው አያምኑንምና ቁጥሩን ከእናንተ ይስሙት።

የለካችሁትን ከከተማችሁ ስም ጋር በማኅበራችን በኩል ላኩልን። ደብተር ውስጥ ቦታ ትተናል።